በስሜ ማን ተበደረ?

ላፍቶ፣ እኛ ብሎክ ምድር ላይ የምትኖር ጎረቤት አለችኝ። በርበሬና ሽሮ አዘጋጅታ የምትሸጥ፣ በዕድሜ ከእኔ ሁለት ሦስት ዓመት የምትበልጥ፣ ዕቁቧን አንድ ሳምንት አሳልፋ የማታውቅ ሴት ናት። ሑዳዴ ሳይገባ በርበሬ በርከት አድርጋ ልትገዛ አስባ ወደ አንድ ባንክ ሄደች። መያዣ የማይጠይቅ አነስተኛ ብድር እንዳለ ሰምታ ነበር። ፋይዳዋን፣ የንግድ ፈቃዷንና የባንክ ደብተሯን በፌስታል ጠቅልላ ይዛለች። መስኮቱ ጋ ያለችው ልጅ ኮምፒዩተሩን ነካ ነካ አደረገችና፣ "እማማ፣ በእርስዎ ስም ያልተከፈለ ብድር አለ" አለቻት።

ማታ እኔ ዘንድ መጣች። ነጠላዋን ከራሷ ላይ እንኳ ሳታወርድ፣ "ሲስተር፣ እኔ የሰው ሳንቲም በልቼ አላውቅም። አንቺ ታውቂያለሽ። ማነው በስሜ የተበደረው?" አለችኝ። ከጤና ጣቢያ በጡረታ ከወጣሁ ዓመታት አልፈዋል። ሰፈሩ ግን አሁንም ሲስተር ነው የሚለኝ። ደም ግፊት መለካትም፣ ከመንግሥት ቤት የመጣ ወረቀት ማንበብም የእኔ ሥራ ሆኖ ቀርቷል።

ነገሩን ለማጣራት ሦስት ቀን ፈጀብን። የተበደረው የልጅ ልጇ ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ቤይሩት ያለችው እናቱ ገንዘብ እንድትልክላቸው ብሎ በአያቱ ሲም ካርድ የስልክ ገንዘብ ቦርሳ ከፈተላት። የሚስጥር ቁጥሩን ያወጣው እሱ፣ የሚያውቀውም እሱ ብቻ ነው። አንድ ቀን ስልኩ "መበደር ይችላሉ" የሚል መልእክት ሲያመጣ ተበደረ። አንድ ሺህ አምስት መቶ ብር። ግማሹን ከፈለ፣ ቀሪውን ረሳው። ልጁ ክፉ ልጅ አይደለም። "የአየር ሰዓት ብድር መስሎኝ ነው" ብሎ ሲያለቅስ አይቼዋለሁ። የአየር ሰዓት ብድር ካርድ ሲሞላ ራሱ ይቆረጣልና ማንም ሰው እንደ ዕዳ አይቆጥረውም። ይኼኛው ግን የባንክ ብድር ነው። ስልኩ መንገድ ብቻ ነው፣ ገንዘቡን የሚሰጠው ባንክ ነው። ስሙም የተጻፈው በአያቲቱ ነው።

ይህንን ታሪክ እሷን አስፈቅጄ የምጽፈው፣ በዚህ ዓምድ አንባቢ ቤት ሁሉ አንድ ተመሳሳይ ስልክ ስለማይጠፋ ነው። አያት የያዘችው፣ ልጅ የሚነካካው ስልክ።

የባንኳ ልጅ ያየችው ምንድን ነው? ብሔራዊ ባንክ ውስጥ የብድር መረጃ ማዕከል አለ። በሌላው አገር ይህንን ሥራ የሚሠሩት ብዙ ጊዜ የግል ኩባንያዎች ናቸው። እኛ ጋ ግን እ.ኤ.አ. በ2012 በወጣ መመሪያ በብሔራዊ ባንክ ሥር የተደራጀ ነው። ባንኮችና የማይክሮፋይናንስ ተቋማት ማን ስንት እንደተበደረ፣ በጊዜው ከፈለ ወይስ አልከፈለ የሚለውን ወደዚያ ይልካሉ። አዲስ ብድር ከመስጠታቸው በፊትም ከዚያ ይጠይቃሉ። ለብዙ ዓመታት ተበዳሪው የሚለየው በግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩ ነበር፤ እሱ ለነጋዴው ነው እንጂ ለእኛ ለደመወዝተኞቹና ለቤት እመቤቶቹ ሩቅ ነበር። የዓለም ባንክ በ2020 ሪፖርቱ በዚህ የኢትዮጵያ መዝገብ ውስጥ ስማቸው የሚገኝ አዋቂዎች ከመቶው አንድ እንኳ እንደማይሞሉ ጽፎ ነበር። ስለዚህ እኛ ስለ ብድር መዝገብ ሳናውቅ ብንኖር አይፈረድብንም።

አሁን ግን ሁለት ነገር ተለውጧል። አንደኛው የስልክ ብድር ነው። ቴሌብር በ2013 ሥራ ጀመረ፤ በ2014 ደግሞ ከዳሸን ባንክ ጋር ሆኖ ብድርና ቁጠባ ጨመረ። ሌሎች ባንኮችም ተከተሉ። መያዣ የለም፣ ዋስ የለም፣ ቅጽ የለም። ታዲያ ማንነታችንን በምን አወቁት? ገንዘብ በምንልክበትና በምንቀበልበት፣ ካርድ በምንሞላበት፣ የቀደመውን ብድር በምንመልስበት አኳኋን ነው። የኢትዮ ቴሌኮም አብዛኛው ድርሻ የመንግሥት መሆኑን ካሰብን፣ መንግሥት ቤት ያለ የእኛ የዕለት ተዕለት መረጃ ለብድር መመዘኛ መዋል ከጀመረ ቆይቷል ማለት ነው።

ሁለተኛው ፋይዳ ነው። በአዲስ አበባ ከታኅሣሥ 23 ቀን 2017 ጀምሮ አዲስ የባንክ ሒሳብ ለመክፈት ፋይዳ ግዴታ ሆኗል። የአሥሩም ጣቶች አሻራ፣ የሁለቱ ዓይኖች ምስል፣ የፊት ፎቶ፣ ስም፣ የትውልድ ቀን፣ ጾታ፣ አድራሻ በአንድ ቁጥር ታስረዋል። እዚህ ላይ አንድ የወደድኩትን ነገር ሳልጠቅስ አላልፍም። የድሮው የቀበሌ መታወቂያ ብሔር ይጽፍ ነበር፤ ፋይዳ አይጠይቅም። ያልተሰበሰበ መረጃ አይሾልክም።

እንግዲህ አንድ ሰው በሁለት ስም፣ በሦስት ባንክ ተበድሮ የሚጠፋበት ዘመን ማብቂያው ደርሷል። ይህ መልካም ነው። ነገር ግን የመታወቂያው መዝገብ፣ የስልኩ መዝገብ፣ የግብሩ መዝገብና የብድሩ መዝገብ በአንድ ቁጥር መገናኘት በቻሉ ቁጥር፣ አንዱ ጋ የተሠራ ስህተት ሌላው ጋ እግር አውጥቶ ይሄዳል። ጎረቤቴ ላይ የደረሰው ይኸው ነው።

መረጃ መጋራቱን ጭራሽ የምቃወም እንዳይመስላችሁ። ዋስ ፍለጋ ምን እንደሆነ አውቃለሁ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ አብራኝ ለምትሠራ ሴት ዋስ ገባሁላት። ደመወዝ ያለው ዋስ ካልተገኘ ብድሩ አይሰጥም ነበርና እምቢ ማለት ነውር ሆነብኝ። እሷ ከሥራ ለቃ ሄደች፤ ለአሥራ አንድ ወር ከደመወዜ እየተቆረጠ እኔ ከፈልኩ። በዚያ ዓመት የልጄን የትምህርት ቤት ክፍያ የሸፈነችልኝ እህቴ ናት። ጉልት የምትሸጥ ሴት ደግሞ ደመወዝተኛ ዘመድ ከሌላት ወደ አራጣ አበዳሪ ነበር የምትሄደው። ሃያ ዓመት ዕቁብ በትክክል የጣለች ሴት ታማኝነቷን ባንክ የሚያየው ወረቀት ላይ ካልሰፈረ ማን ያምናታል? መልካም የአከፋፈል ታሪክ ተጽፎ ቢቀመጥ ለእንዲህ ያለችው ሴት ከወርቅ መያዣ ይበልጣል። መዝገቡ ጥፋትን ብቻ ሳይሆን ታማኝነትንም የሚቆጥር ከሆነ ማለቴ ነው።

የእኔ ሥጋት ሌላ ነው፤ ከሙያዬ የመጣ ነው። በሽተኛ ወደ ሆስፒታል ሪፈር ስንጽፍ፣ ተቀባዩ ሐኪም ለሕክምናው የሚያስፈልገውን ብቻ ነው የምንጽፈው። ባሏ እንደሚመታት በምሥጢር የነገረችንን ሴት ለጥርስ ሕክምና ስንልካት ያንን አንጽፍም። መረጃው እውነት መሆኑ ብቻ ለሁሉም እንዲሰጥ አያደርገውም፤ ለምን ጉዳይ ተሰጠ የሚለው ነው ዋናው። በ1997 የኤች አይ ቪ መድኃኒት በነፃ መሰጠት ሲጀመር የሣሪሱ ሰው ጉለሌ፣ የጉለሌው ሰው ሣሪስ እየሄደ ነበር የሚወስደው። ሁለት ታክሲ፣ ሦስት ታክሲ እየቀያየረ። ሰው የሚፈራው መድኃኒቱን አልነበረም፤ መዝገቡ ላይ ያለው ስሙ ጎረቤቱ ጆሮ እንዳይደርስ ነው። አንዴ አንድ ቀጣሪ ሰው ልኮ የሠራተኛውን ካርድ እንድናሳየው ጠይቆን፣ የካርድ ክፍሏ ልጅ በሩን ዘግታበታለች። ልጅቷ ከአሥረኛ ክፍል በላይ አልተማረችም፤ ከብዙ ምሁር ግን ይህንን ነገር አሳምራ ታውቅ ነበር።

አሁን አስቡት። ወረዳ ላይ ምን ያህል መዝገብ አለ? የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን መዋጮ መክፈል ስለማይችሉ መንግሥት የሚከፍልላቸው አባወራዎችና እማወራዎች ዝርዝር አለ። የሴፍቲኔት ተጠቃሚዎች ዝርዝር አለ። የቀበሌ ቤት ኪራይ መዝገብ አለ። ልደት፣ ጋብቻ፣ ፍቺ፣ ሞት አለ። አበዳሪ ይህንን ሁሉ ቢያገኝ ደስ ይለዋል። በነፃ የሚታከም ሰው ብድር ይመልስ ይሆን? ባሏን የፈታች ሴት ትከፍል ይሆን? ሴትየዋ የነፃ ሕክምና ደብተሩን የወሰደችው ልጇን ለማሳከም ነው። ያ ደብተር ነገ ባንክ መስኮት ላይ "አይሆንም" የሚያስብላት ከሆነ፣ ከነገ ወዲያ ደብተሩንም አትወስድም፤ ልጇንም አታመጣም። ይህ ዛሬ እየተደረገ ነው አላልኩም። ቁጥሩ አንድ ከሆነ በኋላ ግን በር የሚዘጋው ሕግና የካርድ ክፍሏን ልጅ የመሰለ ሰው ብቻ ነው።

ሕጉስ? ሁለት አዋጆችን ወላጆች ቢያውቋቸው መልካም ነው። የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 የተመዝጋቢው መረጃ ያለ ፈቃዱ ለሌላ ወገን እንዳይተላለፍ ይከለክላል፤ በሕግ የተፈቀደ ሲሆን ግን የተለየ ነው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ መረጃ ለተሰበሰበበት ዓላማ ብቻ እንዲውል፣ ባለቤቱ ስለ እሱ የተያዘውን የማየትና ስህተቱን የማሳረም መብት እንዳለው ይደነግጋል። የጤናና የአሻራ መረጃን ጥብቅ ጥበቃ ከሚያስፈልጋቸው ውስጥ መድቧል። ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ነገር ግን ሁለቱንም ስታነቡ "በሕግ የተፈቀደ" የምትለዋን ሐረግ ልብ በሉ። ፈቃድ የሚጠየቀው ሁልጊዜ አይደለም። ባንክ የተበዳሪውን ሁኔታ ለብሔራዊ ባንክ የሚልከው ግዴታው ስለሆነ ነው። ስለዚህ "እኔ አልፈቀድኩም" ማለት ብቻውን አያድንም፤ "የተጻፈው እውነት ነው ወይ? ለምንስ ጉዳይ ነው የወጣው?" ማለት ግን መብታችን ነው።

በእንግሊዝ አገር አንድ ጡረተኛ ይህንን ጥያቄ ፍርድ ቤት ድረስ ወስዶታል። ብራያን ሮበርትሰን ይባላል፤ የሒሳብ ባለሙያ ነበር። ለመምረጥ ብሎ ያስመዘገበው ስምና አድራሻ ለንግድ ድርጅቶች እየተሸጠ መሆኑን ተቃወመ። እ.ኤ.አ. በ2001 ከፍተኛው ፍርድ ቤት ፈረደለት። ከዚያ በኋላ መዝገቡ ለሁለት ተከፈለ። ማንም የሚገዛው አንድ አጠር ያለ ቅጂ ወጣ፤ ከእሱ መውጣት የፈለገ ይወጣል። ሙሉውን መዝገብ ግን የብድር መረጃ ድርጅቶች እንዲያገኙ ተፈቀደ። ሰውየው ለዚህም ደግሞ ከሰሰ፤ እ.ኤ.አ. በ2003 ተረታ። ፍርድ ቤቱ የሻጭ ማስታወቂያንና የብድር ማጣራትን ለየብቻ አየ ማለት ነው። በእኔ አስተያየት ሁለተኛውም ፍርድ ቢሆን አያስከፋም፤ ስምና አድራሻ ብቻ ነውና። ደስ ያሰኘኝ አንድ ጡረተኛ ስለጠየቀ መሆኑ ነው።

ጎረቤታችን ኬንያ ደግሞ የስልክ ብድርን ከእኛ በፊት ቀምሳዋለች። በጥቂት ሽልንግ ዕዳ ስማቸው የብድር መዝገብ ላይ በጥቁር የተጻፈባቸው ሰዎች በዙ። ማዕከላዊ ባንኩ እ.ኤ.አ. በ2020 ከአንድ ሺህ ሽልንግ በታች የሆነ ዕዳ በጥፋት እንዳይመዘገብ ከለከለ፤ ፈቃድ የሌላቸውን የስልክ አበዳሪዎችም ስም እንዳያስመዘግቡ አገዳቸው። አንዳንዶቹ አበዳሪዎች ከተበዳሪው ስልክ ውስጥ የዘመድ አዝማድ ቁጥር እየለቀሙ ደውለው ያዋርዱ ነበር። ለትንሽ ዕዳ እንዲህ ያለ ጣሪያ እኛም ጋ ቢኖር ጎረቤቴ ዛሬ በርበሬዋን ገዝታ ነበር።

በድሮ ዘመን አበዳሪና ባለ ዕዳ በነጠላ ጫፍ ተቋጥረው፣ ሲብስም በሰንሰለት ተቆራኝተው ዳኛ ፊት እስኪቀርቡ አብረው ይውሉ እንደነበር አያቶቻችን ነግረውናል። ቁራኛ የሚባለው ነው። ቢያንስ ባለ ዕዳው ከማን ጋር እንደታሰረ ያያል። ጎረቤቴ ከማን ጋር እንደታሰረች ሳታውቅ ሁለት ዓመት ኖረች።

"መንግሥት ቤት ያለ መረጃ አይሳሳትም" የሚል ካለ ደግሞ ሐምሌ 2014ን ያስታውስ። ከ25 ሺህ በላይ የሆኑ የኮንዶሚኒየም ቤቶች ዕጣ ወጥቶ፣ እልልታው ሳይበርድ ከተማ አስተዳደሩ ራሱ ሰረዘው። ብቁ ያልሆኑ ሰዎች ስም ዕጣው ውስጥ ገብቶ ተገኝቷል ተባለ። ባንክ የላከው የቆጣቢ ዝርዝርና ዕጣው ውስጥ የገባው ዝርዝር አልገጠመም። ኅዳር 2015 ላይ ዳግም ወጣ። በዚህ መካከል ደርሷቸው የነበረና የተሰረዘባቸውን ሰዎች እኛ ሰፈርም አውቃለሁ። ኮምፒዩተር የሰው እጅ ያስገባለትን ነው የሚያወጣው።

ወደ ቤታችን ልመለስ። ወረዳ ለፋይዳ ሰልፍ የቆምኩ ቀን አንድ ነገር ታዝቤያለሁ። ከፊቴ የነበሩት ትልልቅ ሴቶች አሻራቸው አልነሳ እያለ ይቸገራሉ፤ ዕድሜ ልክ ልብስ ያጠበ፣ እንዝርት ያሾረ ጣት መስመሩ ያልቃል። ይህ ይታለፋል፤ ዓይንም ፊትም ስላለ። ጸሐፊው "ስልክ ቁጥር?" ሲል ግን አብዛኞቹ ወደ ልጃቸው ዞር ይላሉ። ልጅ የራሱን ቁጥር ይናገራል። በፍቅር ነው፣ ለማቅለል ነው። ነገር ግን ባንክም ሆነ ሌላ ተቋም "መረጃዎትን ልይ ወይ?" ብሎ የሚጠይቀው የማረጋገጫ ቁጥር ወደዚያ ስልክ በመላክ ነው። ቁጥሩን ለተቋሙ የነገረ ሰው ፈቀደ ማለት ነው። እናታችን ልትፈቅድ የሚገባትን ልጇ፣ የልጅ ልጇ፣ ወይም ስልኩን የተዋሰ ጓደኛው ይፈቅድላታል። እናትየው የራሷ ቁጥር ካላት ምዝገባ ጣቢያ ሄዶ ማስተካከል ይቻላል፤ ከልጆቹ አንዱ አንድ ጠዋት ይስጣት።

የሚስጥር ቁጥሩንም እንደዚያው። ማንበብ የማትችል እናት እንኳ አራት አኃዝ ትይዛለች፤ የዘመድ ሁሉ ስልክ ቁጥር በቃላቸው የሚይዙ እናቶች ናቸው ያሉን። እኛ ነን "አይሆንላቸውም" ብለን የወሰንነው። ባንክ ሄደው ቅጽ ሲፈርሙም አጠገባቸው ያለው ልጅ "እዚህ ጋ ፈርሚ" ከማለቱ በፊት ጮክ ብሎ ያንብብላቸው፤ ስለ መረጃ መስጠት የሚናገረው አንቀጽ ብዙ ጊዜ መጨረሻ ላይ በደቃቅ ፊደል ነው።

ስለ ሞቱ ሰዎችም አንድ ቃል። ብዙ ቤት የአባት ሲም ካርድ አባት ካረፈ በኋላ ይሠራል። ቁጥሩን ዘመድ ስለሚያውቀው፣ ድምፁም ያለበት ስለሚመስል መዝጋት ያሳዝናል። ይገባኛል፤ የባለቤቴን ስልክ እኔም ስድስት ወር ይዤዋለሁ። ነገር ግን ሞት በሠላሳ ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ ሕጉ ያዛል። ያልተመዘገበ ሟች በመዝገቡ ላይ ሕያው ነው፤ ሕያው ሰው ደግሞ መበደር ይችላል።

የጎረቤቴ ጉዳይ እንዲህ አለቀ። ልጁ ቤይሩት እናቱ ጋ ደውሎ እውነቱን ተናገረ፤ ዕዳው ከነቅጣቱ ተከፈለ። መክፈሉ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። ስሟ ከዕዳ ነፃ መሆኑ ባንኩ ኮምፒዩተር ላይ እስኪታይ ግን ሳምንታት ፈጀ። ሦስት ጊዜ አብሬያት ሄጃለሁ፤ ሦስተኛው ቀን ማመልከቻ ጽፈን በቁጥር ገቢ አስደረግን። ሑዳዴ ገባ፣ በርበሬም ተወደደ። በመጨረሻ ገንዘቡን የሰጧት የዕቁብ ጓደኞቿ ናቸው፤ ተራዋ ሳይደርስ አስቀደሟት። የብድር ማዕከሉ የማያውቀውን የሃያ ዓመት ታሪክ እነሱ ያውቁት ነበር።

ልጁ ቅዳሜ ቅዳሜ በርበሬ ይቀነጥሳል፤ ዓይኑ እያለቀሰ፣ አያቱ እየሳቀችበት። ባለፈው ሳምንት እኔ ቤት ቡና ስንጠጣ ቤይሩት ገንዘብ መላኩን ስልኳ ነገራት። ከደረቷ አውጥታ፣ መነጽሯን አስተካክላ፣ ቁጥሮቹን በቀስታ መንካት ጀመረች። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ። "ሲስተር፣ እስቲ ዞር በይልኝ" አለች። ዞርኩላት።